ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኬሚስትሪ ብዕር ሲያነሣ «ምን ጥልቅ አደረገው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም ብንሆን ሁለተኛ ደረጃን ስንጨርስ ከኬሚስትሪ ጋር በሰላም ተለያይተን ነበር።

ከዚያ ትምህርት የምናስታውሰው ቢኖር ወርቅ በአኳ ሬጂያ እንደሚሟማ ነው። የሁለቱን አሲዶች ስምና መጠን ሸምድደን ጻፍን፤ ሙሉ ነጥብም አገኘን። የተረፈው አሲድ ወዴት እንደሚሄድ ግን መምህሩም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅን። በቤተ ሙከራው ውስጥ የተረፈው ሁሉ የሚደፋው በእጅ መታጠቢያው ነበር። ቦዩም በአጥሩ ሥር ሾልኮ ጎመን ወደሚተከልበት መስክ ይወርድ ነበር። ከዚያ ጎመን እኛም በልተናል።

ባለፈው ወር የሳይንስ ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛችን ቤተ ሙከራቸውን ሊያሳየን ወሰደን። ሁለት ነጭ ነገሮች አቀረበ፤ አንደኛው ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ዩሪያ፣ ሁለተኛው በዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ኮሊን ክሎራይድ ነው። ለየብቻቸው ዩሪያ በ133፣ ኮሊን ክሎራይድ በ302 ዲግሪ ይቀልጣሉ። አንድ ሞል ኮሊን ክሎራይድ ከሁለት ሞል ዩሪያ ጋር ሲደባለቅ ግን መቅለጫው ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል። ጓደኛችን በመጠኑ እያሞቀ ሲያማስላቸው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኑ፤ ከእሳቱ ሲወርድም ተመልሶ አልረጋም። ጥቁር የመዳብ ኦክሳይድ ቢጨምርበት ቀስ በቀስ ሟሟ። መዳቡን በኤሌክትሪክ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ይህን ድብልቅ የእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ገልጸውታል።

«እንግዲያው ሳያናይድ ሊቀር ነው?» አልነው።

«የለም» አለ፤ «ፈሳሹ እንደ ማር ወፍራም ስለሆነ ሥራው አዝጋሚ ነው። ደጋግመው ካልተጠቀሙበትም እሱም በተራው ቆሻሻ ይሆናል። ነገር ግን መምህራችን የወጣውን መዳብ ብቻ አይተው አያልፉም። የተረፈውን ለክተን ወዴት እንደሚሄድ ካልጻፍን ነጥብ ይቀንሱብናል።»

በዚህ ነገር ተደነቅን። እ.ኤ.አ. በ2000 በሮማንያ፣ በባያ ማሬ ከተማ አጠገብ የወርቅ ማጣሪያ ግድብ ተደርምሶ 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወደ ቲሳ ወንዝ ገባ፤ የወንዙን ዓሣ ፈጅቶ እስከ ዳኑብ ወረደ። በአገራችንም የለገደምቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ ከነዋሪው የጤና አቤቱታ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ታግዶ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ማዕድኑን የሚያወጡት የሳይንስ ተማሪዎች ቢሆኑም፣ ፈቃዱን የሚፈርመው፣ አቤቱታውን የሚሰማውና በጋዜጣ የሚጽፈው ከእኛ መካከል ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሁሉ «ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን ጥያቄ ከፈተናው ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩት እንለምናለን። እኛ ሙሉ ነጥብ ያገኘንበት ያ ፈተና አልጠየቀንም። መልሱ የነበረው ከአጥሩ ማዶ ነው።