«እሺ» ያልነው ምን ብለን ነው?

በቋንቋችን ውስጥ እንደ «እሺ» ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሲላክ «እሺ» ይላል፤ መታዘዙ ነው። ዘመድ «ቤት ድረስ ብቅ በሉ እንጂ» ሲባል «እሺ» ይላል፤ አክብሮቱን መግለጹ ነው እንጂ ቀን መቁረጡ አይደለም። ባለዕዳም «ክፈል» ሲባል «እሺ» ይላል፤ የዚህኛውን ትርጉም አበዳሪው ያውቀዋል። እኛ ከድምፁ፣ ከፊቱና ከሰውየው ጠባይ አንዱን ከሌላው እንለያለን። ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ ግን የሚሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ አስተርጓሚውም «ተስማምተዋል» ብሎ ያስተላልፍለታል።

ነገሩን ያነሣሁት በአክስቴ ልጅ ላይ በደረሰው ምክንያት ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከአምስት ሴቶች ጋር ሆና ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ያለቀውንም ትሸጣለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የውጭ አገር ገዢ መጥታ ሁለት መቶ የአንገት ልብስ አዘዘች። «ለኦክቶበር 10 ይደርሳል ወይ?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው «ለጥቅምት 10» አለ። የአክስቴ ልጅም «እሺ፣ እግዚአብሔር ካለ» አለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኦክቶበር በመዝገበ ቃላት ጥቅምት ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ግን አይደለም። በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 10 ማለት በእኛ መስከረም 30 ሲሆን፣ የእኛ ጥቅምት 10 ደግሞ በእነርሱ ኦክቶበር 20 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው መስከረም ሌላ አንድ ቀን ይዛነፋል። እንግዲህ ለቋንቋው ትክክል በሆነች በአንዲት ቃል ዐሥር ቀን ጠፋ። ሴቶቹ ሌሊቱን ጭምር እየፈተሉ፣ ሸማኔዎቹንም እየወተወቱ ሥራውን ጥቅምት 8 ቀን ጨረሱ፤ ሁለት ቀን ቀደምን ብለውም ተደሰቱ። ገዢዋ ግን ዕቃው የሚታይበት ባዛር አልፎባት ስለነበር ግማሹን ብቻ ወሰደች። ጥጡ በዱቤ የተገዛ ነበር። ለሸማኔዎቹ የእጅ ዋጋ ለመክፈል ከሴቶቹ አንዷ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። የዋሸ የለም፤ የሰነፈም የለም። ገዢዋም ብትሆን እስከ ዛሬ የምትናገረው «እሺ ብለውኝ ነበር» እያለች ነው።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር በስድስት ሰዓት እንለያያለን፤ «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ስንል ጧት ነው፣ በእነርሱ አነጋገር ግን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። (በዚህ ብቻችንን አለመሆናችን ያስደስተኛል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓታቸውን እንደ እኛው ከንጋት ይቆጥራሉ። ይኸው የኬንያ ነጋዴ በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን በሌላው አቆጣጠር ስለሚሄድ በየትኛው ቋንቋ እንደ ቀጠረን ማስታወስ ያሻል።)

ዶናልድ ሌቪን የተባሉ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን ያሳተሙትን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብለው ሰይመውታል። ነገርን ሸፈን አድርጎ መናገር ለእኛ ጨዋነትም መከላከያም መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል። ሰም መፍጨቱ ለቅኔ ያምራል፤ ለትእዛዝ ወረቀት ግን አይሆንም። ይህን ስል ግን ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው ማለቴ አይደለም።

ገዢዋ በሁለተኛው ዓመት ተመልሳ ስትመጣ እኔም አብሬ ተቀመጥሁ። ገና ከበሩ እንደ ገባች ሰላምታውን አሳጥራ ሻንጣዋን ከፈተችና «ይህ ጠርዙ ጠማማ ነው፤ ይኸኛው ቀለሙ ለቋል» ማለት ጀመረች። ሴቶቹ «ተቆጥታብናለች» ብለው አንገታቸውን ደፉ። በእርሷ ዘንድ ግን ይህ ቁጣ ሳይሆን ሥራን ማክበር ነው፤ ዕቃውን ባትፈልገው ኖሮ ጉድለቱን ለመዘርዘር ጊዜዋን ባላጠፋች ነበር። በሌላ በኩል ቡናው ሲቆላ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር። የአክስቴ ልጅ «በዚህ ዋጋ አያዋጣንም» የሚለውን ቃል አውጥታ ለመናገር የቻለችው ቶናው ላይ ነው። እንግዳይቱ አቦል ጠጥታ ብትሄድ ኖሮ ይህን ሳትሰማ ትሄድ ነበር። ይህንን ለገዢዋ ነገርኋት፤ ሳቀችና ለበረካው ጭምር ቆየች።

ጉዳዩ በትናንሽ ሥራዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከሌሎች አገሮች በመጡ ባለሙያዎች ሥር ሆነው ልብስ መስፋት ተምረዋል። በሌላ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ የጎረቤቴ ልጅ እንዳጫወተችኝ፣ ሕንዳዊው ተቆጣጣሪ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ሲያያት «አልወደደውም» ብላ አንድ ቀን ሙሉ የሰፋችውን ስትፈታ ዋለች። ለካ በእነርሱ ዘንድ ያ የ«ደኅና ነው» ምልክት ኖሯል! እርሱም በበኩሉ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «አዎ» ስትለው የደነገጠች ይመስለው ነበር። ታላቅ ሰው ሲናገር ዓይን መስበር ከቤት የተማርነው ጨዋነት ነው፤ ለዚያ ተቆጣጣሪ ግን አለመስማት ወይም ጥፋትን መሸሸግ ሊመስለው ይችላል።

እኅቶቼ፣ ጨዋነታችሁን ጣሉት አልልም። ነገር ግን ትእዛዝ ስትቀበሉ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የገባችሁን ነገር በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉና። ልኩን በክንድ ሳይሆን በሜትር ተነጋገሩ፤ የሸማኔው ክንድ የገዢዋን ያህል ላይሆን ይችላል። ገንዘብ በባንክ ሲላክላችሁ ስማችሁ በመታወቂያችሁ እንዳለ ከነአባታችሁ ይጻፍ፤ የውጭ አገር ሰው የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስደው ወይዘሮዋን «ወይዘሮ ከበደ» ብሎ ይጽፋልና። ከውጭ ሰዎች ጋር የምትሠሩ አስተርጓሚዎችም «እሺ»ን ስትተረጉሙ «እንሞክራለን» ነው ወይስ «ቃላችን ነው» ብላችሁ ባለቤቷን ብትጠይቁ ምን ነበረበት?

የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለቱም ቀኖች የተጻፉበትን ወረቀት ከሸማኔው መቀመጫ በላይ ትሰቅላለች። ገዢዋም «ትደርሳላችሁ ወይ?» ማለቱን ትታ «የመጀመሪያዎቹ ኻያዎች በየትኛው ቀን ያልቃሉ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለዚህ ጥያቄ «እሺ» መልስ አይሆንም። ዋጋው ላይ ግን ገና ናቸው። «ስንት?» ስትባል የአክስቴ ልጅ እስካሁን «አንቺው እንዳየሽው» ትላለች፤ ያቺም እንዳየችው ትጽፋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ይገናኛሉ። የጥጡን፣ የፈትሉንና የሸማኔውን ሒሳብ አብረን ደምረን ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።