ጾምና መድኃኒት በሞላሌ

ሰባቱ አጽዋማት ለክርስቲያን ሁሉ የታዘዙ ናቸው። በመንዝ አገር ግን ጾም ከሕግነቷ በላይ የሰው መከበሪያ ናት፤ የማይጾም ሰው በጎረቤት ዘንድ ይነቀፋልና። ብርዱ በሚቆረጥመው በዚያ ደጋ የበልግ ገብስ የሚዘራበት ወራት ከ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ጋራ ይገናኛል፤ ጽኑ ገበሬም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ ሲያርስ ይውላል።

ዛሬ በሞላሌ ከተማ የስኳር በሽታ በሐኪም እየታወቀ ይታከማል። ይሁን እንጂ ብዙው መድኃኒት ከምግብ ጋራ የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ የሐኪሙ ትእዛዝና የጾሙ ሰዓት ይጋጫሉ። መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ የሚውል ሰው የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ይወርድና ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም እስከ መሳት ይደርሳል። መድኃኒቱን ትቶ የሚጾም ደግሞ ዓይኑና ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይጎዱበታል።

በዚሁ ነገር አንዲት ባልቴት ከልጇ ጋራ ብዙ ተከራከረች። ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ «እማዬ፥ ሐኪሙ እንዳዘዘዎ በጧት ይቅመሱ» ሲላት፥ «በጉብዝናዬ ያልሻርሁትን ጾም በእርጅናዬ ሽሬ ምን ብዬ ልቅረብ?» አለችው። ፍርሃቷ ከሞት ይልቅ ከኃጢአት ስለ ነበረ፥ የሐኪም ቃል ሊያሳምናት አልቻለም።

ያሳመኗት የነፍስ አባቷ ናቸው። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፥ ረቡዕንና ዓርብን ሲያዝ፥ የሥጋ ድካም የከለከለውን ሰው ለይቶ ከፍርድ እንደሚያወጣ ነገሯት። ከዚህም በኋላ የምግቡን ሰዓት ፈቱላት፤ ከሥጋና ከወተት መከልከሏ ግን እንደ ነበረ ቀረ። በተፈታውም ሰዓት ፈንታ ለድኻ ቁራሽ እንድትሰጥ አዘዟት።

እንግዲህ ሕጉ ለደካማው ያዘነው መርፌ ሳይታወቅ አስቀድሞ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዝምታ ነው፤ ሕመምተኛው ጾሙን ከሐኪሙ፥ ሕመሙንም ከነፍስ አባቱ ይሰውራል። ጎረቤት እንዳያማው ብሎ የሚጾም ሰውም ጾሙን ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለጎረቤቱ አደረገው።

ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካህኑ ቤት ለመባረክ ሲገባ የንስሓ ልጁን «ታመሃልን?» ብሎ ይጠይቀው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት «ትጾማለህን?» ይበለው። ሁለቱ ጥያቄዎች ገንዘብ አያስወጡም፤ ነገር ግን የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተርፋሉ።