አራስ ያለበት ገንዳ

እናቱ ከባሕር ዳር በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ ሳሎን ካለው የዓሣ ገንዳ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። የጉዞው ድካም ገና አልለቀቃቸውም። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ሆዷ እንደ ወይን የቀላውን፣ ከጣት የማትረዝመውን ዓሣ ተከተሏት።

«ይቺ የቆሮሶ ዘር አይደለችም እንዴ?» አሉ።

ልጃቸው ሳቀ። በኋላ ግን ሲያጣራ እናቱ ልክ ነበሩ። ፈረንጆች ቲላፒያ የሚሉት የጣናው ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለችውም ከዚያው ቤተሰብ ናት፤ ስሟ ክሪቤንሲስ፣ አገሯ ደቡብ ናይጄሪያና አካባቢው። እናቱ ይህን ያወቁት አንብበው አይደለም። ቆሮሶ ሲያጸዱ የጀርባ ክንፉ እሾህ ስንት ጊዜ ጣታቸውን ወግቷቸዋል።

ቤቱ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ክላርክስተን ውስጥ ነው። ከተማዋ ከሶማሊያ፣ ከቡታን፣ ከበርማ፣ ከኮንጎ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናት። ልጃቸው ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ጠዋት ሲገባ እንቅልፍ እስኪወስደው ገንዳውን ያያል። ሚስቱ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ እናቱም የመጡት አራሷን ሊያርሱ ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ አራስ፣ ሕፃን፣ አያት፣ ቀን የሚተኛ ባልና 110 ሊትር ውሃ።

ገንዳውን ሲያቋቁም ሰውዬው ጥንቃቄ አላጓደለም። የአካባቢው የቧንቧ ውሃ ከቻታሁቺ ወንዝ የሚቀዳ፣ ማዕድኑ ያነሰ ለስላሳ ውሃ ነውና ለክሪቤንሲስ ይስማማል፤ ክሎሪኑን ማስወገድ ብቻ ይፈልጋል። ዓሣ ከማስገባቱ በፊት የዓሣ ኩስ የሚያመነጨውን አሞኒያ የሚሰብሩት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ጠበቀ። ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረገ። ከዚያ አንድ ጥንድ ክሪቤንሲስ፣ አሥር ኒዮን ቴትራና ስድስት ኮሪዶራስ አስገባ። ኮሪዶራስ ጢም ያላቸው፣ ወለል እያሰሱ የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች ናቸው፤ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ። ሁሉም በየመጽሐፉ ሰላማዊ ተብለዋል። አራት ወር ሙሉም ሰላም ነበሩ።

ጠቡ የመጣው እናቱ ከመጡ በኋላ በአንደኛው ሳምንት ነው። ሴቷ ክሪቤንሲስ በግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ውስጥ እንቁላል ጣለች። ለወትሮው ዓይን አፋር የነበረችው ዓሣ መልኳ ደመቀ፣ ከቅርፊቱ አልወጣም አለች። ወንዱ በራፍ ላይ ዘብ ቆመ። በማግሥቱ ጠዋት ስድስቱ ኮሪዶራሶች አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ተገኙ፤ የአንደኛው የጅራት ክንፍ ተተልትሏል።

ቴትራዎቹ ግን አንድም አልተነኩም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴትራ የሚኖረው ከውሃው መሃል ወደ ላይ ነው፤ ሲባረርም ይሸሻል። ኮሪዶራስ የሚኖረው ሲክሊዷ ጎጆ በሠራችበት በዚያው ወለል ነው። ሰውነቱ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ ስለሆነ ማስጠንቀቂያን ከቁም ነገር አይቆጥርም። ክንፏን ነፍታ ብትቆምበት እሱ ጢሙን እየጎተተ ይቀጥላል። ሌሊት ደግሞ፣ እሷ በደንብ በማታይበት ሰዓት፣ እንቁላል ፍለጋ ይመጣል። ክፋት የለበትም፤ ርቦት ነው። እሷም ክፉ አይደለችም፤ ወልዳ ነው።

ቤት ውስጥም ያው ወለል ጠቦ ነበር። እናቱ ሕፃኑን ቅቤ ሊያስውጡት ፈለጉ፤ እሳቸው ያሳደጓቸው ሁሉ ቅቤ ውጠው ነው ያደጉት። ሚስቱ የነርስ ረዳት ናት። ከጡት ወተት በቀር ስድስት ወር ድረስ ምንም አይነካም አለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ በአንድ እጇ ሕፃኑን እንደያዘች፣ «እማማ፣ እባክዎ፣ አፉን አይንኩት» አለች። እናቱ ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ ሳሎን ወጡ። የዚያን ቀን ገንፎ የሠራም የበላም አልነበረም። ማታ ለልጃቸው «ቲኬቱ ይቀየር እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉት።

ዓሣ አርቢዎች አብረው መኖር ለሚችሉ ዓሦች የሚጠቀሙበት የእንግሊዝኛ ቃል «ኮምፓቲብል» ነው። ቃሉ ሲሰማ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ልክ የመግጠም ነገር ይመስላል። ሥሩ ላቲን ነው፤ «አብሮ መሠቃየት» ከሚል ግሥ የመጣ። አማርኛው «ተቻችሎ መኖር» ይላል። «ቻለ» ማለት ደግሞ አቅም አገኘ ብቻ ሳይሆን ሸክም ተሸከመ፣ ታገሠም ማለት ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አብሮ መኖርን ሲሰይሙ ውስጡ ሥቃይን አስቀመጡበት። ግን ሁለቱም ቃላት አንድ ነገር ያጎድላሉ፦ ቦታን። ስንት ዓሣ፣ በስንት ሊትር፣ በየትኛው ወለል የሚለውን አይጠይቁም። ትዕግሥት ያለቀበትን ሁሉ ጠባየ ክፉ ያደርጉታል።

ውሃው ግን ሌላ ይናገራል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በአማካይ ስምንት ሜትር ገደማ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ውስጡ ያሉት ባርበስ የሚባሉ ዓሦች ለብቻቸው ቀሩ። በ1990ዎቹ ከሆላንዱ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች እነዚህ ባርበሶች 15 ያህል ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። አንዱ ዳር ዳር፣ ሌላው መሃል፤ አንዱ ከጭቃ፣ ሌላው ትናንሽ ዓሦችን እያደነ። አንድ ሐይቅ ያቻቻላቸው ማዕድና ሠፈር መለየታቸው ነው።

እዚያው አትላንታ፣ በፈረንጆች ኅዳር 2005 የተከፈተው የጆርጂያ አኳሪየምም ያንኑ በእጅ ይሠራዋል። በትልቁ ገንዳ ዌል ሻርክ ከሌሎች ብዙ ዓይነት ዓሦች ጋር ይዋኛል። ዌል ሻርኩን ሠራተኞች ከጀልባ ሆነው ለይተው ያበሉታል። ሰላሙ የዓሦቹ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የሰው የዕለት ሥራም ነው።

ሰውዬው ያገለገለ 75 ሊትር ገንዳ ገዝቶ ኮሪደሩ ውስጥ አቆመ። አዲስ ገንዳ ሌላ ስድስት ሳምንት ይፈልግ ነበር፤ ኮሪዶራሶቹ ግን ስድስት ሳምንት የላቸውም። ስለዚህ ከአሮጌው ማጣሪያ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ አዲሱ ውስጥ ጨመረ። እናቱ ቆመው ያዩ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ያለዚህ ውሃው ይመርዛቸዋል፣ እማዬ። ከድሮው ትንሽ ሲጨመርበት አዲሱ ቶሎ ይደርሳል።»

«እርሾ ነዋ!» አሉ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸው እንዲያ ሞቆ አያውቅም።

ስድስቱን ዓሦች አንድ በአንድ ሲያዛውር እናቱ ክዳኑን ያዙለት። ሲጨርሱ ስለ ቆሮሶ ነገሩት። እናቲቱ ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው፤ እነሱን ይዛ እህል አትቀምስም። በልጅነታቸው ዓሣ አጥማጆች ከመረብ ሲያወጧት ከአፏ ትንንሾቹ ሲፈሱ አይተዋል። ዝም ብለው ቆዩና «አፏን ማን ይነካል» አሉ። ስለ ቲኬቱ ዳግመኛ አልጠየቁም።

ይቅርታ ተባብሎ የታረቀ የለም። ሥራው ግን ተከፋፈለ። ጠዋት ወጥ ቤቱ የእናቱ ሆነ፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቡናው። ማታ የሚስቱ። ቅቤው ወደ ገንፎው ገባ፤ ሕፃኑን ማጠብና ማስተኛት የአያት፣ አፉ የእናቱ። አንዳንድ ቀን ድንበሩ ይጣሳል፤ በር ይዘጋል፤ ሌላ ቀን ይከፈታል።

ከተወለዱት የክሪቤንሲስ ጫጩቶች ብዙዎቹን ቴትራዎቹ በሏቸው፤ ስምንት አደጉ። የእናቱ ቪዛ የፈቀደው ስድስት ወር ሲያልቅ ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። አሁን እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ስልኩን ብዙውን ጊዜ የምታነሳው ምራታቸው ናት።

«አራሷ እንዴት ናት?» ይላሉ።

«የትኛዋ፣ እማማ?» ትላቸዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።