ራሱን የሚቃኝ ጊታርና እኛ

እናላችሁ፣ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ ራሱን በራሱ የሚቃኝ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞልን ደብረ ማርቆስ ገባ። ኤኮውም ዲስቶርሽኑም ሆዱ ውስጥ ነው። ስድስቱን ክር አንዴ መታ ስታደርጓቸው የእያንዳንዱን ድምፅ ይለካል፤ ከዚያ መቃኛዎቹ ላይ ያሉት ትናንሽ ሞተሮች ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። አረንጓዴ መብራት በራ ማለት ተቃኘ ማለት ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጊብሰን፣ ትሮኒካል ከተባለው የጀርመን ድርጅት ጋር «ሮቦት ጊታር»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኢፌክቱንም አብሮ የያዘውን ፋየርበርድ ኤክስን በ2010 አስተዋወቀ።

እኛ ግን ጊታርን «ሀ» ያልነው በዚህ ነው። ሞተሩ ሲሠራልን ጆሯችን ሥራ ፈታ።

በጓደኛችን ሠርግ አንድ አዛውንት አዝማሪን ልናጅብ ቆምን። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ድምፁ ግን ከማሲንቆው ጋር ተጣላ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ማንን ሰምቶ ነው የተቃኘ?» አሉን።

ምን እንመልስ? ጊታሩ የተቃኘው ፋብሪካ በሞላለት ልክ ነው። ማሲንቆው የተቃኘው ለዘፋኟ ድምፅ ነው፤ እሷ ደግሞ ቁልፍ የላትም።

ሞተሩን አጠፋን። እሳቸው አንዷን ድምፅ ደጋግመው ገዘገዙልን፤ አንዱን ክር በእጃችን እያዞርን «አልገባም፣ አልገባም… አሁን ገባ!» እስኪሉን ሞከርን። ሌሎቹን ከእሱ እየተነሣን አስተካከልን። ሠርገኛው ሁሉ እያየን አፈርን፣ ግን ተጫወትን።

ጊታሩን አልጠላነውም። አሁንም ልምምድ ስንጨርስ መብራቱን አብርተን እናያለን፤ መጀመሪያ ግን በጆሯችን እንቃኛለን።