ራንዱ በነበረበት ጊዜ

ከደቡብ አፍሪካ ሎኬሽኖች (የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች) ወደ ሃዲያና ከምባታ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ የሚደወለው ስልክ ጠባዩ ተለውጧል። ዱሮ «ብሩ ደረሰ ወይ?» ነበር፤ አሁን «ብመጣ ምን እሠራለሁ?» ሆኗል። እናት «ና ልጄ፣ ነፍስህ ትበልጣለች» ትላለች። ስልኩን የሚቀበላት ታላቅ ወንድም ወደ ደጅ ወጣ ብሎ «እስቲ ትንሽ ታገሥ፣ እዚህ ምንም የለም» ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ የወንድምዬው መልስ ነው። እውነቱን ነው፣ ምንም የለም። ግን ሊኖር ይችል ነበር።

ልጆቹ ልመለስ ማለታቸው አያስገርምም። በግንቦት 2008 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) በባዕዳን ላይ የተነሣው ዘረፋና ግድያ ከ60 በላይ ሰው ፈጀ። በ2015 ደርባን ላይ፣ በ2019 ጆሃንስበርግ ላይ ተደገመ። በኅዳር 2024 ደግሞ ከ20 በላይ ሕፃናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የየሰፈሩ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። ቀኑ በኋላ ቢራዘምም፣ የጥገኝነት ወረቀት እያሳደሰ ለኖረ ባለሱቅ ትእዛዙ «ሂድ» ከመባል አልተለየም። የአገሩ ገንዘብ ራንዱም ቢሆን የዱሮው አይደለም። የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀበት በ2010 አንድ ዶላር 7 ራንድ ግድም ነበር፤ በ2024 18 ግድም ደርሷል።

ያ የ7 ራንድ ዘመን ነው የባከነው።

ሆሳዕና ውስጥ ዛሬም የሚነሣ ትንቢት አለ። በ2001 ግድም የመጣ ካናዳዊ ሰባኪ እግዚአብሔር የደቡብን በር ሊከፍት ነው ብሎ ነበር ይባላል። ትንቢት ይሁን አይሁን አልከራከርም፤ በሩ ግን ተከፍቷል። ልጆቹ ደቡብ አፍሪካ ሄደው አልጋ ልብስና ብርድ ልብስ ተሸክመው ቤት ለቤት በዱቤ እየሸጡ ጀመሩ፣ ቀጥሎ ሱቅ ከፈቱ፣ ገንዘብ ያዙ። ትንቢቱ የተናገረው ስለ መሄድ ነው። ስለ መመለስ ያሰበ አልነበረም፤ ቤተሰቡም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መንግሥትም። አባቶቻችን እኮ ሆላንዶች በ1954 ሥራ ላይ ባዋሉት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ሊቆርጡ ሲሄዱ መመለሻቸውን ያውቁት ነበር። ሰውዬው ለመስቀል ይመጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ያን ሁሉ ጉልበት በርካሽ መሸጣቸው ያሳዝናል፤ ዓይናቸው ግን ሁልጊዜ ወደ እንሰቱ ጓሮ ነበር።

የራንዱ ገንዘብ ወዴት ሄደ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሠርግ ድግሱንና መኪናውን ይወቅሳል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የበላው ራሱ መንገዱ ይመስለኛል። አንዱ ልጅ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ያጠራቀመውን ለደላላ ከፍሎ ታናሹን ያስመጣል። ታናሹ ዕዳውን ጨርሶ እፎይ ሲል የአጎቱ ልጅ ተራ ይደርሳል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ወግ ማዕረግ ቆጠረው፤ ወንድሙን ያላስመጣ ስሙ ጠፋ። የመጣውም ልጅ የሚያውቀው ሥራ ያንኑ ሱቅ ነው። በአንድ ሎኬሽን አንድ የሃዲያ ልጅ ብቻውን ሲነግድ ያተርፍ ነበር። አምስት ሆነው ሲደረድሩ በዳቦና በስኳር ላይ ሳንቲም ይሻማሉ፣ የአካባቢው ነጋዴም «አጥለቀለቁን» ብሎ ይነሣባቸዋል። ለመመለሻ ሊሆን በሚችለው ገንዘብ መመለስን የሚያስገድድ ችግር ገዛንበት።

መንገዱ የበላው ገንዘብ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በኮንቴይነር የታሸጉ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞቱ። በ2022 ማላዊ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፣ ወዲያው ዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በሃዲያና በከምባታ ስንቱ ቤት ስልክ አቅፎ አድሮ ይሆን?

ሌላው ገንዘብ ፎቅ ሆነ። ፎቁ የሚቆምበት መሬት ደግሞ ከከተማው ጥግ ካለ ገበሬ እንሰቱና ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ይገዛል። ገበሬው በሽያጩ ምን ያደርግበታል? ልጁን ደቡብ አፍሪካ ይልክበታል። ልጁ ሲያልፍለት በተራው የጎረቤቱን እርሻ ይገዛል። ይህን ዙር ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ያቃጥለኛል። በሆሳዕና ዙሪያ ያለው ለምለሙ የለሞ መሬት፣ ስንዴ የሚሰጠው መሬት፣ ፌሮ አቁሞ የቀረ ጅምር ቤት ተሸከመ። በከምባታ በኩል በሐደሮ ዝንጅብል ገበሬውን ቀና አድርጎት ነበር። በ2012 አካባቢ የአጠውላጊ በሽታ ሲያወድመው ገበሬው አጣ፤ ንጹሕ ዘር የሚያባዛ ድርጅት የሚያቆም ገንዘብ በዚያው ሰሞን ከደቡብ አፍሪካ እየመጣ በጎኑ ያልፍ ነበር። ማን ሁለቱን ያገናኛቸው?

ራንዱ ራሱ እኮ ብዙውን ጊዜ አገር አልገባም። ልጁ እዚያ ለሐዋላ ሰው ያስረክባል፣ እዚህ ለቤተሰቡ ብር ይቆጠራል፤ ምንዛሪው ውጭ እንደቀረ የአስመጪ ዕቃ ይገዛበታል። ልጁን አልወቅሰውም፣ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ እንዲያ ተራርቆ እያለ ማን ባንክ ይሄድ ነበር? ግን ለዓመታት በባንክ ቢልክ ኖሮ ዛሬ ሲመለስ ታሪክ ያለው ደንበኛ ይሆን ነበር። አሁን ብድር ሲጠይቅ አዲስ ሰው ነው፤ መያዣ አምጣ ይባላል።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚቆጨኝ ግን ሙያው ነው። ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች በሎኬሽን ንግድ ለምን እንደበለጡ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ምሥጢር ረቂቅ አይደለም፤ ተባብረው በጅምላ ይገዛሉ፣ ትርፍ ያሳንሳሉ፣ ማልደው ከፍተው አምሽተው ይዘጋሉ። ከሃዲያው ፎንቆ ገጠር የወጣ፣ አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ ልጅ ዙሉኛ ለምዶ፣ ዱቤ በቃሉ ይዞ፣ ሽጉጥ እየተደገነበት ይህን ሠርቷል። ይኸው ልጅ ሆሳዕና ሲመለስ ባጃጅ ገዝቶ ይነዳል። የስንዴና የቆጮ ገበያችን ዛሬም በደላላ እጅ ነው፤ ና እዚያ ያደረግኸውን እዚህ አድርግ ያለው የለም።

ፎቅ የሠሩት አሁን ይስቁብኛል። ከ2023 ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮ ፍለጋው በዝቷል፣ ኪራይ ወጥቷል። «አየህ፣ ልክ ነበርን» ይሉኛል። ለባለቤቱ ልክ ነው፣ ልጆቹን ያሳድርበታል። ግን ባለ አራት ፎቁ ስንት ሰው ቀጠረ? አንዲት ጽዳትና አንድ ዘበኛ። አንዳንዱ ዘበኛ ደግሞ መሬቱን የሸጠው ገበሬ ነው።