አራተኛ ሰው ስንፈልግ



ከግቢያችን ተመርቆ የሚወጣው አብዛኛው ተማሪ ሥራ ፈላጊ ነው። እኛ ሦስት የሶፍትዌር ተማሪዎች ግን ዘንድሮ ሠራተኛ ፈላጊ ሆነን ከረምን። የጀመርናት ፕሮግራም ትንሽ ናት፤ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን በስልኩ እንዲይዝ የምታደርግ። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ላይ ትመዘግባለች፣ ሲመለስ ከዋናው መዝገብ ጋር ታስታርቃለች። ሥራው ከሦስታችን አቅም ሲያልፍ አራተኛ ሰው ያስፈልገናል አልን። ማንን እንውሰድ? በምንስ እንመዝነው?

ያለንበት ደቡብ ጎንደር ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በሌላ አገር የተማረም ቢሆን ምስክር ለመሆን እዚያ ሄዶ መምህሩ ፊት ዜማውን ያሰማል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ደግሞ እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አባ ይሄዳል። የእኛም ደረሶች መንገድ ከዚህ አይርቅም። ወሎ ውስጥ ወደ ዳናም ሆነ ወደ ጌታ የሄደ ደረሳ ኪታቡን ሸኹ ፊት ይቀራል፤ ኢጃዛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃይማኖቱ ይለያያል፣ ብልሃቱ ግን አንድ ነው፦ ሰውየውን የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ እየው።

በዓለም ትልልቅ የሚባሉት ድርጅቶችም ዞረው እዚህ ደርሰዋል። ጎግል ሥራ አመልካቾችን እንቆቅልሽ በመጠየቅ ይታወቅ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የሰው ኃይል ኃላፊው ላዝሎ ቦክ እንቆቅልሾቹ ጊዜ ማባከኛ እንደነበሩና ስለ አመልካቹ ምንም እንደማይናገሩ በይፋ ገለጸ።

ለእኛ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ በአንድ ሶፍ አብረን የምንሰግድ የዶርም ወንድማችን ነው፤ ውጤቱ ከክፍሉ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛዋ በቅርብ የማናውቃት የሦስተኛ ዓመት እህት ናት፤ ውጤቷ መካከለኛ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሰጠን፣ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጠን፣ የድካማቸውንም ከፈልን። ሥራው ይህ ነበር፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አንድ ዱቤ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ይህን አስተካክሉ።

ወንድማችን ያማረ ገጽ ሠርቶ አመጣ፤ ዱቤው ግን አሁንም ሁለቴ ይመዘገብ ነበር። እህታችን ያመጣችው ገጽ ውበት የለውም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዱቤ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጥታ ድግግሞሹን ዘግታዋለች። ያልጨረሰችውንም ሁለት ነገር ለይታ ጽፋ አስቀምጣለች። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ «ባለሱቁ ችኩሎ ቁልፉን ሁለቴ ቢነካውስ?» ብላ ደውላ ነበር።

ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ዱቤ ሁለቴ ከተመዘገበ የአንዲት እናት የስኳር ዕዳ እጥፍ ይሆናል። የሰው ሐቅ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ አጻጻፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሱረቱል ቀሶስ ደግሞ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ አባቷን ሙሳን (ዐ.ሰ) ቅጠረው ስትል የጠቀሰችው ሁለት ነገር ነው፤ ብርታትና ታማኝነት። ለፕሮግራመር ብርታቱ ችግሩን መፍታት ነው። ታማኝነቱ ያልሠራውን አልሠራሁም ማለት ነው።

እህታችንን መረጥን። ከባዱ ለወንድማችን መንገሩ ነበር። በዚያው ቀን፣ ፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ሥራ አሳይተን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማን። ቆይቶ «ሁለቴ የሚመዘገበውን እስቲ ድገሙልኝ» አለና ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። አሁንም አንድ ዶርም ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ሦስት ነገር አደረግን፤ ለጀማሪ ሁሉ እንመክራለን። አንደኛ፣ ሽርክናውን ገንዘብ ሳይመጣ ጻፍነው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ፣ ኮዱ የማን እንደሆነ፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን። በውጭ አገር ጀማሪ ድርጅቶች ድርሻ ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ቀስ በቀስ ይገኛል፤ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ምንም አይወስድም። እኛም ይህን ወሰድን። ሁለተኛ፣ አዲሷ ባልደረባችን በመጀመሪያው ሳምንት ኮድ ሳትነካ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ዱቤ ሲጻፍ እንድታይ አደረግን። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ ኢንተርኔት የሌለውን ተሳፋሪ በ8294 ስልክ ደውሎ እንዲጠራ ያስቻለው ተጠቃሚውን ስለሚያውቅ ነው። ሦስተኛ፣ የአንዳችን ኮድ ሌላው ሳያየው አይገባም።

ነገ ከእናንተ ብዙዎቹ ቀጣሪ ትሆናላችሁ፣ ኢንሻአላህ። ያኔ ዘመድ፣ ያገር ልጅ፣ የዶርም ጓደኛ ይመጣል። ውደዱት፣ አክብሩት፤ ግን እንደማንኛውም ሰው ሥራውን አሳየን በሉት። ቦታው አማና ነውና።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።