ይዞ መልቀቅ በሐረር

አንባብያን፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! አንድ ሰው አሥራ ምናምን ሰዓት በአውሮፕላን በርሮ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ሰው የማይደርስባት ደሴት ላይ ወርዶ፣ ሳምንት ሙሉ ጨው ውሃ ውስጥ ተገትሮ ዓሣ ቢያጠምድ... ከዚያ ደግሞ የያዘውን ሁሉ መልሶ ቢለቅ ምን ትሉታላችሁ? «ለየለት!» እንደምትሉ ይገባኛል።

የአክስቴ ልጅ የሚዝናናው እንዲህ ነው። ውጭ አገር ይኖራል፤ ሚስት የለው፣ ቤት የለው፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀማት ገንዘብ የምትሄደው እዚያ ነው። ዘንድሮ ግን እናቱ «አንድ ጊዜ እንኳ አባትህ ያደገበትን አገር እይ» ብላ አላስቀምጥ ስላለችው ዕረፍቱን ሐረር ሊያሳልፍ መጣ። ታዲያ የዓሣ ዘንጉን በቱቦ ከትቶ ይዞላችሁ መጣ! ዘመድ አዝማድ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ደግሞ ሥራ ፈት ነው ብለው አስጎብኚ አድርገው መደቡኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳችሁ፤ እኔም በመንገድ ላይ በደንብ ተምሬዋለሁና። በባሃማስ፣ በቤሊዝ፣ በሲሼልስ፣ በኪሪባቲ ደሴቶች ዙሪያ ውሃው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ፣ ሥሩ ነጭ አሸዋ የሆነ ሰፊ ሜዳ አለ። ባሕሩ ሞልቶ ይመጣል፣ ጎድሎ ይሄዳል። ሲሞላ ዓሦቹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ፍለጋ ሜዳው ላይ ይወጣሉ፤ ሲጎድል ወደ ጥልቁ ይመለሳሉ። ስለዚህ እዚያ ቀኑን የሚቆርጠው ሰዓት ሳይሆን ባሕሩ ነው። ሲሞላ ትነሳለህ፣ ሲጎድል ትተኛለህ።

ዋናው ዓሣ ቦንፊሽ ይባላል። ጎኑ እንደ መስታወት ስለሆነ ዓሣውን አታየውም፤ የምታየው አሸዋው ላይ ያረፈ ጥላውን ነው። ማጥመጃው ትል ወይም ሥጋ አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር ተጠቅልሎ ሽሪምፕ እንዲመስል ይደረጋል። ይህቺ ነገር ከቅለቷ የተነሳ ብትወረውሯት እግራችሁ ሥር ነው የምትወድቀው። ስለዚህ ክሩ ራሱ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ ሰውየው አየር ላይ ወደፊት ወደኋላ እንደ ጅራፍ እያወናጨፈ የሚወረውረው ክሩን ነው፤ ላባዋ ተከትላ ትሄዳለች። ዓሣው ከዋጠ በኋላ ያለውን የአክስቴ ልጅ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በአንድ ትንፋሽ መቶ ሜትር ክር ይዞ ይነጉዳል አሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመሪው ነገር ነው። ዓሣውን የሚያየው ከፋዩ አይደለም፤ ከጎኑ የቆመው የአገሩ ሰው ነው። «በስተግራ፣ አርባ ጫማ፣ ወርውር!» ይለዋል። ከእነዚህ መሪዎች ብዙዎቹ ድሮ በመረብ ዓሣ ያወጡ የነበሩ፣ ወይም የአጥማጅ ልጆች ናቸው። አንድ ዓሣ ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ አንድ ጊዜ ነው። በሕይወት ካለ ግን በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ ይከፍልበታል። ቤሊዝ ይህን ሒሳብ ሠርታ በፈረንጆች 2009 ቦንፊሽ፣ ፐርሚትና ታርፖን የተባሉትን ሦስቱን ተይዘው እንዲለቀቁ እንጂ እንዳይገደሉ በሕግ ደነገገች።

እንግዲህ ወደ ሐረር እንግባ። ጀጎልን ለማታውቁት፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሳጠሩት ግንብ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ውስጡ ካርታ የሚያስጥል የጠባብ መንገድ ቁልፍልፍ ነው። መጥፋት ነው ያለባችሁ! ከጠፋችሁ በኋላ የልብስ ስፌት መኪናዎች ጩኸት ከሰማችሁ መኪና ግርግር ደርሳችኋል ማለት ነው። የሥጋ ገበያው ጋ ከደረሳችሁ ደግሞ ፌስታላችሁን ጠበቅ አድርጉ፤ ጭልፊቶቹ ከሰው እጅ ይመነትፋሉ። ያረፍንበት የሐረሪ ቤት መደቡ «ነደባ» ይባላል፤ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። የኛው ሰው ገብቶ የአባወራው ቦታ ላይ ዘፍ አለ። የቤቱ እመቤት ሳቅ ብለው ዝም አሉት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጅቦቹ ጋ ወሰድኩት። ከግንቡ ውጭ ነው። መጋቢው በቅርጫት ሥጋ ይዞ ይቀመጥና በየስማቸው ይጣራል። ከጨለማው ውስጥ ዓይን ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ስምንት። ሥጋውን አጭር እንጨት ጫፍ ላይ አድርጎ በጥርሱ ይይዝላቸዋል። እናንተም ከፈለጋችሁ እንጨቷን ይሰጣችኋል፤ ጅቡ ከትከሻችሁ በላይ ተንጠራርቶ ይወስዳል። ትንፋሹ ጉንጫችሁን ይነካል።

የአክስቴ ልጅ እንጨቷን እንደያዘ «ይሄማ የኛው ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። አውሬው በራሱ ሰዓት ይመጣል፤ ሰውየው ከእናንተ በፊት ያየዋል፤ እናንተ ትከፍላላችሁ፤ አውሬው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለቱሪስት መመገቡ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ቢሆን ነው። ከጅቡ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከዚያ ይቀድማል። ግንቡ ላይ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ማለት ጅብ ነው። ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊና አጥንት ጠራርጎ ይወጣል፤ ጂንም ይበላል ይባላል። በአሹራ በዓል ደግሞ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል። ሌላው አገር ጅብ ሲያይ ድንጋይ ያነሳል፤ ሐረር ቀዳዳ ሠርታ አስገባችው።

ማታ ቡና ላይ የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ለቤቱ እመቤት ማብራራት ጀመረ። ጅብና ቦንፊሽ አንድ ናቸው አለ። እማማ አዳመጡት፣ አዳመጡትና «ልጄ፣ ጅቡ መጥቶ በልቶ ይሄዳል። አፉን በመንጠቆ የወጋው አለ?» አሉ። እሱም የመንጠቆውን መያዣ እሾህ እንደሚያጠፈጥፉት፣ እጃቸውን ሳያረጥቡ ዓሣውን እንደማይነኩት፣ ከውሃ ብዙ እንደማያወጡት ነገራቸው። «ካዘንክለትማ ለምን ወጋኸው? ለርሃብ ቢሆን ምግብ ነው፣ ሃላል ነው። ለጨዋታ ግን...» ብለው ስኒያቸውን አዞሩ። መልስ አጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እማማ በዝረራ ነው ያሸነፉት።

በነጋታው ሐረማያ ወረድን። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ የጫት ከተማዋን አወዳይን አልፎ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሐይቅ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም 8 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። ሐረር የምትጠጣው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚጠጣው፣ አወዳይ የምትጠጣው፣ የዙሪያው ጫትና አትክልት የሚጠጣው ከዚያው ነበር። ላይ ከተራራው አፈር ይሞላዋል፣ ታች ፓምፕ ይመጠዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ አለቀ! ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረር በጀሪካን ተሰለፈች፤ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ውሃ ሽቅብ እየተገፋ መጣላት። ከሐይቁ ጋር ቆሮሶውም አምባዛውም፣ በጀልባ የሚዝናናውም ሰው፣ አጥማጁም አብሮ ጠፋ። በቅርብ ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል። ለዓመታት ካርታ ላይ ብቻ የቀረ ሐይቅ ሞልቶ ስታዩት መቼም ደስ ይላል።

ዳሩ ጥልቅ አይደለም፤ ለኛው ሰው ሜዳው ተገኘ ማለት ነው። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ክሩን ማወናጨፍ ሲጀምር ሕፃናት ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ዳሩን ሞሉት። መረብ ይዞ የነበረ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጥቂት ካየው በኋላ ጠጋ ብሎ በእጁ ጠቆመ፤ «እዚያ፣ አረፋው ጋ»። ወረወረ። ቆሮሶ ያዘ፣ መዳፍ የምታክል። ልጁን በ500 ብር የቀኑ መሪ አድርጎ ቀጠረው። እስከ ቀትር አምስት ያዙ። አምስቱንም ለቀቀ። እያንዳንዷ ስትለቀቅ ሕፃናቱ «ውይ!» ይላሉ።

ልጁ ግን አልሳቀም። «በጥሩ ቀን ሸጬ ይህን አላገኝም» አለኝ፤ ስለዚህ የቤሊዙ ሒሳብ ሐረማያም ላይ ሠርቷል ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ነገስ ይመጣል?» አለ።

«አይመጣም፣ ሐሙስ ይበራል።»

«እንግዲያ ዓሣዎቹን ለምን ለቀቃቸው?»

ይህን ጥያቄ ለአክስቴ ልጅ አስተረጎምኩለት። ዘንጉን መፍታት ጀመረ። ባሃማስ ላይ መሪው ዓሣውን የሚጠብቀው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። የሐረር ጅብ መጋቢም እንደዚያው። ማታ ማታ ሰው ይመጣበታል፤ ሰው ባይመጣም ጅቡ ለከተማው ሥራ አለው። የሐረማያ ቆሮሶ ግን ከእኛ በኋላ የሚጠብቀው ያው መረቡ ነው። ልጁ ምን ያድርግ? ደግሞ መረብ ያዥው ልጅ ሐይቁን አላደረቀውም። ያደረቀው ሌላ ነው።

መሄድ ለምታስቡ ጥቂት ልበላችሁ። በላባ ዓሣ ማጥመድ ያማራችሁ አገር ውስጥ ትክክለኛው ቦታ ባሌ ነው። ከኬንያ የመጣ ትራውት ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከተለቀቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ጨው ውሃውን ማየት የፈለገ ደግሞ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ወደ ጅቡቲ ይሂድ። ሐረር በጥንት ዘመን ወደ ባሕር የምትወጣው በዘይላ ነበር፤ በፈረንጆች 1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ ተራራው አላስወጣ ብሎት ሐረርን ሳይነካ ቀረ። የአሁኑ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርት አትርሱ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዓሣ ነባሪ የሚያክል ሻርክ ይታያል፤ ሰው አይነካም።

ሐረማያ ለመውረድ ከሐረር ሚኒባስ አይጠፋም። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ነፋሱ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ጥሩ ጫማችሁን ቤት ተዉት፤ ጭቃው አይምርም። ዓሣ ከያዛችሁ ለልጆቹ ስጧቸው፣ አትልቀቁት፤ ይህ የእማማ ፍርድ ነው፣ የኔም ነው። ዳሩን ዞር ዞር ስትሉ ደግሞ ከውሃው ወደ ማሳው የተዘረጉትን የፓምፕ ቱቦዎች ቁጠሩ። እኛ በሄድንበት ጠዋት በአንድ ወገን ብቻ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሰባቱ ሞተራቸው ይሠራ ነበር።